የእንግሊዝኛ ቀልደኛ የፍቅር ግጥም አማርኛ ሲሆን ሳቁ የት ይቀራል?

ወንድማችን «በእንግሊዝኛ ሳነበው ያስቀኛል፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንጉርጉሮ ይሆንብኛል፤ የቱ ጋ ነው የምሳሳተው?» ብለህ ጠይቀሃል። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው መዝጊያው ላይ ነው። ከላይ ወደ ታች አትተርጉም፤ መጀመሪያ የመጨረሻውን ስንኝ ሥራ፤ ቀሪውን ወደ እሱ ንዳው። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ገጣሚ ሰር ጆን ሳክሊንግ በ1638 በታተመ ተውኔቱ ውስጥ ያስገባውን፣ በፍቅር የገረጣውን ጎረምሳ የሚመክረውን ዘፈን እንውሰድ። ሦስት አንጓ ነው፤ እያንዳንዱ አምስት ስንኝ። በሁለቱ አንጓዎች አምስተኛው ስንኝ ሁለተኛውን እንዳለ ይደግማል። ሦስተኛው ላይ ጆሮ ያንኑ ሲጠብቅ መካሪው ታክቶት «ሰይጣን ይውሰዳት» ይላል። ተርጓሚ ድግግሞሽ ያስጠላዋልና ቃሉን ይቀያይራል፤ ያኔ እርግማኑ የሚያፈርሰው ነገር ያጣል። ሁለቱንም ጊዜ ቃል በቃል ድገም። በወል ቤት ከሆነ የምትሠራው፣ ማለትም ስንኙ 12 ቀለም (የድምፅ ምት) ኖሮት 6 በ6 በሚከፈልበት የግጥም ዓይነት፣ እርግማኑን ግማሽ ስንኝ ብቻ ስጠው። «ሰይጣን ይዟት ይሂድ» ልክ ስድስት ይወጣዋል። 12ቱን ለመሙላት «ልበ ደንዳናዋን» ብለህ ከጨመርህ አለቀልህ፤ ሰውየው የሰለቸው እንጂ ያዘነ አይደለም።

ሌላው ወጥመድ ጾታ ነው። አሜሪካዊቷ ዶሮቲ ፓርከር በ1926 በወጣው የመጀመሪያ መድበሏ ውስጥ ባለ ስድስት ስንኝ ግጥም አላት፦ እሷ የእሱ ነኝ ብላ ስትምል፣ እሱም ፍቅሬ ዘላለማዊ ነው ሲል፣ ገጣሚዋ ከሁለት አንዳችሁ እንደምትዋሹ ልብ በይ ትላታለች። «አንዱ ዋሽቷል» ካልህ ወንዱን አጋለጥህ፣ «አንዷ» ካልህ ሴቷን። ቀልዱ ግን ውሸታሙ አለመታወቁ ነው። «አንዳችሁ ዋሽታችኋል» ምስጢሩን ይጠብቃል፤ ግሱም ያለ ጭንቅ መጨረሻ ላይ ይወድቃል።

እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ደን ላይ ግን የግስ መጨረሻ መሆን ጠላትህ ነው። የወዳቂ ኮከብ ያዝ የሚለው ግጥሙ (በ1633፣ ከሞተ በኋላ የታተመ) ታማኝ ሴት ጎረቤት ብትገኝ እንኳ እኔ እስክደርስ ሁለት ወይ ሦስት ሰው ትከዳለች ብሎ ያበቃል። ጥርጣሬውን አስቂኝ ያደረገው ቁጥሩ ነው፤ እንደ ሱቅ ሒሳብ ደረቅ ብሎ ይመጣል። «ሁለት ሦስቱን ትከዳለች» ስትል ቁጥሩ ይዋጣል። ገልብጠው፦ «እኔ እስክደርስ ትከዳለች፤ ሁለቱን፣ ወይ ሦስቱን»።

የሼክስፒር 138ኛ ሶኔት (ባለ 14 ስንኝ ግጥም) መዝጊያ ላይ አንዱ የእንግሊዝኛ ግስ መዋሸትም አብሮ መተኛትም ነው፤ ለኛ ሰው ያው ኅብረ ቃል ነው። የአማርኛዎቹ «ዋሸ» እና «ተኛ» ግን አይገናኙም፤ አታስገድዳቸው፤ ባይሆን ሌላ ስንኝ ላይ የራስህን ኅብረ ቃል ፈልግ።

ቤት መምቻውንም ቸል አትበል። እንግሊዛዊው ገጣሚ ባይረን በ1819 ማሳተም በጀመረው ረጅም ቀልደኛ ግጥሙ «ኢንተለክቹዋል»ን (ምሁር) ከ«ሄንፔክድ ዩ ኦል» (ሁላችሁንም በጭቅጭቅ ገዟችሁ) ጋር ያጋጥማል፤ አንድ ኩሩ ቃል ከሦስት ተራ ቃላት ጋር ሲጋጭ ሳቁ ከድምፁ ይመጣል። በአማርኛ «እወዳለሁ»ን ከ«እሄዳለሁ» ጋር ማጋጠም ማንንም አያስገርምም፤ ማንኛውም ግስ ይገባበታላ! ስምን ከሐረግ ጋር አጋጥም፤ ለምሳሌ «ቀለበት»ን ከ«ሌላ ሰው አለበት» ጋር።