ያ ሰው ሠራተኛዬ አልነበረም

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ፕሮግራመር ስለምትጠቀምበት አንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮግራም (ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማለት ነው) «ጋሼ፣ ባጉን፣ ስህተቱን፣ ለሠሪዎቹ ካሳወቅኳቸው ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ለምንድነው የማያስተካክሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስላት ስል አፌ ተያዘ። ይህንኑ ጥያቄ እኔም ጠይቄ አውቃለሁ፤ ያውም በቁጣ።

ያኔ ለድርጅቶች የምንሸጠው ፕሮግራም ነበረን። ውስጡ ከፋይል ላይ ቀን የሚያነብ አንዲት ትንሽ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገባ ዝግጁ ኮድ፣ ነበረች። ፌብሩዋሪ 29 ሲገባ ፕሮግራማችን ቀጥ አለ። ደንበኛው በስልክ ይጮኻል፣ አለቃዬ ከኋላዬ ቆሟል። እኔም ለላይብረሪዋ ባለቤት «እስከ ሰኞ ካላስተካከልከው ሌላ እንፈልጋለን» ብዬ ጻፍኩለት። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም። አንድ ሳንቲም ያልከፈልነውን ሰው እንደ ዕቃ አቅራቢ ነበር ያዘዝኩት።

በማግስቱ መለሰልኝ። መልሱን ዛሬም በቃሌ አስታውሰዋለሁ። «ይህን የምሠራው ማታ ልጄ ከተኛች በኋላ ነው። ማስተካከያ ከላክህልኝ በደስታ አስገባዋለሁ።»

ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ስህተቱ አንድ መስመር ላይ ነበር። በራሳችን ቅጂ ላይ አስተካከልኩና ዝም አልኩ። ለእሱ አልላክሁለትም፤ «አመሰግናለሁ»ም አላልኩም። ከወራት በኋላ ፕሮጀክቱን ዘጋው። በእኔ ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን እንደኔ የጻፉለት ብዙ ነበሩ፤ አንብቤዋለሁ።

የሚሸጥ ሶፍትዌርም ቢሆን ውሉ ውስጥ ከኃላፊነት ይሸሻል። ሆኖም ሻጩ ደንበኛ እንዳያጣ ስልኩን ያነሳል። ኤምአይቲና ጂፒኤል የተባሉት የኦፕን ሶርስ ላይሰንሶች (የአጠቃቀም ፈቃዶች) ግን ያለ ምንም ዋስትና እንደሚሰጧችሁ ፊት ለፊት ይነግሯችኋል። በምትኩ ኮዱ በእጃችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲወጣ፣ ስፍር ቁጥር የሌለው ሰርቨር የተማመነበትን ኦፕንኤስኤስኤልን (በኢንተርኔት የሚላከውን መረጃ የሚመሰጥረውን ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ) ሙሉ ጊዜውን ሰጥቶ የሚሠራበት ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ሁሉም በነፃ ነው የሚሠራው ማለቴ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ ተማሪ በትርፍ ጊዜው የጀመረው ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ዛሬ አብዛኛው ኮዱ የሚጻፈው በደመወዝተኛ ኢንጂነሮች ነው። ስልክ የሚያነሳላችሁ ከፈለጋችሁ እንደ ሬድ ሃት ያሉት ኩባንያዎች ድጋፍ ይሸጣሉ፤ ግዙ።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ትፈጥናላችሁ። የሚያናድደኝ ኤአይ የጻፈላችሁን ፓች (ማስተካከያ) ሳትሞክሩት መላካችሁ ነው። እሱንም ማታ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው አለ።

ከልጅቷ ጋር ኮዱን ከፈትነው። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ማስተካከያውን ስትልክ «እንደምን አላችሁ» ብላ ጀመረች።