በአንድ ወገን ብቻ የሚመላለስ «ሳይነስ»ና ካንሰር፦ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋር ጥያቄና መልስ

ከመሐል ሜዳ፦ ዶክተር፣ አባቴ የላይኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ተነቃንቆ ተነቀለ። ወር ሆነው፤ ቀዳዳው አልደፈነም፣ ውሃ ሲጠጡ በአፍንጫቸው ይወጣል። ሌላ አንቲባዮቲክ እንግዛ?

መልስ፦ አትግዙ። የተነቀለ ጥርስ ቦታ በሦስት ሳምንት ካልደፈነ፣ ይልቁንም ሥጋ ካበቀለ፣ ናሙና ይወሰድ። ከላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ሥር በላይ የጉንጩ ሳይነስ (አየር የያዘ የአጥንት ክፍተት) አለ፤ የሚለያያቸው አጥንት ስስ ነው። በሳይነሱ ውስጥ የሚነሳ ካንሰር ይህን ወለል ሲበላው ጥርሱ ይላላል። አባትዎን ይጠይቋቸው፦ በዚያው ወገን ጉንጭና የላይኛው ከንፈር ደንዝዟል? ከአፍንጫቸው ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይወርዳል? አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያቸዋል? አፋቸው አልከፈት ብሏል? አንዱም ባይኖር ቀዳዳው ብቻ ይበቃል፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ደብረ ብርሃን ይውሰዷቸው።

ከደብረ ሲና፦ እኔም ሳይነስ አለብኝ። ካንሰር ይሆን?

መልስ፦ በአንድ ወገን ነው በሁለቱም? ከመቼ ጀምሮ? ደም አለው? ይህን ሳይጽፉ ምን ልበል?

ከአንኮበር፦ ዳማከሴና የባሕር ዛፍ እንፋሎት ሳይሞከር ወደ መቀስ መሮጥ ምንድን ነው?

ከሞላሌ፦ ወንድሜ፣ እሱ ለጉንፋን ነው። የደነዘዘ ጉንጭ በእንፋሎት አይነቃም።

ከአንኮበር፦ ስንቱ ድኖበታል እኮ!

መልስ፦ የዳነው ጉንፋን ነው። እንፋሎት ዕጢ አይነካም። በአንድ ወገን የቆመ ምልክት ይታይ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ከሸዋ ሮቢት፣ የጤና ባለሙያ፦ የላክነው ናሙና ሁለቴ «ኢንፍላሜሽን» (የሥጋ መቆጣት) ተብሎ መጣ። ካንሰር የለም ማለት ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አወሳሰዱ ላይ ነው። ላዩ የበሰበሰ ሥጋ ስለሆነ ካንሰሩ አይታይበትም፤ ላዩን ጠርጋችሁ ሕይወት ካለው ጠርዝ ጠለቅ ብላችሁ ውሰዱ። ወዲያው 10% ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይግባ፣ ፈሳሹም የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን። ሳላይን (የጨው ውሃ) አያቆየውም፣ ይበሰብሳል። ስሙን ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ጻፉ፤ ክዳን ይለዋወጣል። ከአፍንጫ ውስጥ ከሆነ ሲቲ ስካን (የውስጥ ምስል የሚያሳይ ራጅ) ይቅደም፤ ዕብጠቱ ደም የሚያጎርፍ ወይም ከአንጎል የወረደ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ካለ ደግሞ ሦስተኛም ይወሰድ። «ኢንፍላሜሽን» የሚል ወረቀት ካንሰር የለም ማለት አይደለም።

ከደብረ ብርሃን፦ የዚህ ካንሰር መንስኤው ምንድን ነው? አናጺ ነኝ።

መልስ፦ ትምባሆ፣ የኒኬል ማጣሪያ ሥራ፣ የእንጨት ብናኝ። ማስክ ያድርጉ።

ከመንዝ፦ እናቴ ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ጨረር ጥቁር አንበሳ ተጽፎላቸዋል። ዕጢው ከወጣ ለምን?

መልስ፦ ቦታው ከዓይንና ከአንጎል ሥር ስለሆነ ዙሪያውን አስፍቶ መቁረጥ ያስቸግራል፤ የቀረውን ጨረሩ ያጠፋዋል። አብዛኛውን ጊዜ በቀን 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ በሳምንት 5 ቀን፣ እስከ 60 ወይም 66 ግሬይ ነው፤ ስድስት ሳምንት ያልፋል፣ ማረፊያ ከወዲሁ ፈልጉ። ከዚያ በፊት ግን ጥርስ ሐኪም ይያቸው። የተበላሸ ጥርስ ካለ ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይነቀል። ጨረር ያገኘው የመንጋጋ አጥንት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ በኋላ ጥርስ ቢነቀል አጥንቱ ሊሞት ይችላል። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ጨረር መውሰዳቸውን ለጥርስ ሐኪሙ ሳይነግሩ እንዳያስነቅሉ።