ጠይቁ እንመልስ፦ ለጨቅላ የውሃ ኤሊ የሚሆን ቤት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ዝግጅት ክፍሎች። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በዓይናቸው ጎን ቀይ ሰረዝ ያላቸው ሁለት ትንንሽ የውሃ ኤሊዎች ለልጆቼ አምጥቶልኛል። ጥቂት ውሃና አንድ ድንጋይ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠናቸዋል። አንደኛዋ ከመጣች ጀምሮ ምግብ አልነካችም። የባሕር ዳር አየር ሞቃት ስለሆነ ማሞቂያ አያስፈልግም ብለውኛል። ምን ዓይነት ቤት ልሥራላቸው? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ማሞቂያ አያስፈልግም ያልዎት ሰው የቀኑን አየር ብቻ አይቶ ነው። ኤሊ ሙቀቷን የምታገኘው ከዙሪያዋ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ በክረምት ደግሞ ፀሐይ ለቀናት ላትወጣ ትችላለች። ሳፋ ውስጥ ያለ ሦስት አራት ሊትር ውሃ ሲነጋ ከክፍሉ አየር እኩል ቀዝቅዞ ያድራል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ጨቅላዋ መብላት ታቆማለች፤ የበላችውም በደንብ አይፈጭላትም፤ ቅዝቃዜው ከቆየ የሳንባ ሕመም ይከተላል። ስለዚህ ምግብ እምቢ ላለችው ኤሊ መድኃኒት ከመፈለግዎ በፊት ውሃዋን 27 ዲግሪ ያድርሱላት። የሚበዙት በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መብላት ይጀምራሉ።

ቤቱን ለማሠራት አልሙኒየምና መስታወት ቤት ሄደው 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ስፋትና 45 ከፍታ ያለው ሣጥን በ6 ሚሊ ሜትር መስታወት ያሠሩ። ማጣበቂያው ሻጋታ መከላከያ ያልተጨመረበት ንጹሕ ሲሊኮን ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ዓይነት መርዛማ ነው። የኮምጣጤ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ያህል ያቆዩት፤ ከዚያ ውሃ ሞልተው ለአንድ ቀን ፍሳሽ ይፈትሹ፤ ደፍተውም እንደገና ይሙሉ። የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ካልተስተካከለ መስታወቱ ይሰነጠቃልና ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ያንጥፉ።

የውሃው ጥልቀት ለጊዜው 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ይህ 48 ሊትር ይሆናል። ጨቅላ ስለሆኑ ይሰጥማሉ ብለው ሁለት ጣት ውሃ ብቻ የሚያደርጉ አሉ። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ በጀርባዋ የተገለበጠች ኤሊ መልሳ መገልበጥ ያቅታታል፤ በቂ ውሃ ካለ ግን በቀላሉ ትገለበጣለች። ጥልቀቱ ከቅርፊቷ ርዝመት ከእጥፍ በታች አይውረድ፤ ዋና ሲደክማት የምታርፍበት እንጨት ወይም የፕላስቲክ ቅጠል ከውሃው ፊት በታች ያኑሩላት።

ወለሉ ላይ ጠጠር አይበትኑ። ጨቅላ ኤሊ ትንሽ ጠጠር ትውጣለች፤ አንጀቷም ይዘጋል። ባዶ መስታወት ይሻላል፤ ድንጋይ ካስፈለገ ከጭንቅላቷ የሚበልጥና ለስላሳ ይሁን። በከተማችን በየቦታው ያለው ጥቁር ድንጋይ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ሆዷን ይቦጭራታል። መሞቂያ መደቡ ከውሃው ወጥታ ሙሉ በሙሉ የምትደርቅበት መሆን አለበት፤ መወጣጫው አቀበት ከሆነ አትወጣውም፤ ሻካራ ጣውላ አጋድመው ይሥሩላት።

ለ48 ሊትር ውሃ 100 ዋት የውሃ ማሞቂያ ይበቃል፤ ለአንድ ሊትር ሁለት ዋት ያህል ማለት ነው። ጨርሶ ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ ዓይነት መርጠው አግድም ያስተኙት፤ 26–28 ዲግሪ ላይ ያቁሙት። ውሃ ከመቅዳትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ማሞቂያው እየሠራ ከውሃ ከወጣ መስታወቱ ይፈነዳል። ገመዱም ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንዲመለስ ያድርጉ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ቴርሞሜትር ሳይኖርዎ ማሞቂያ አይግዙ፤ የማሞቂያው ቁጥርና የውሃው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገጥሙም።

ከመደቡ በላይ ሁለት አምፖል ያስፈልጋል። አንደኛው ለሙቀት ነው፤ መደቡ ላይ 32–35 ዲግሪ ይስጥ። አሁን በሱቁ የሞላው የኤልኢዲ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት ስለማይሰጥ ከ40 እስከ 60 ዋት ያለው የድሮው ክር አምፖል ወይም ሃሎጅን ይሻላል። ሁለተኛው የዩቪቢ (በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር) አምፖል ነው፤ 5.0 የሚል ተጽፎበት ይገኛል። ኤሊ ካልሲየምን ለአጥንቷ የምታውለው በዚህ ጨረር ቆዳዋ ውስጥ በሚሠራው ቫይታሚን ዲ3 ነው። ከመደቡ 25–30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በመሃል መስታወትም ፕላስቲክም ሳይኖር ይስቀሉት፤ በየቀኑ ለ10–12 ሰዓታት ያህል ያብሩት። ጨረሩ ብርሃኑ ሳይጠፋ እየደከመ ስለሚሄድ በየስድስት ወሩ እስከ ዓመት መቀየር አለበት።

ማጣሪያውን ለ150 ሊትር የተሠራ ይግዙ፤ ኤሊ ከዓሣ በጣም ይበልጥ ቆሻሻ ታወጣለች። አፉን በስፖንጅ ይሸፍኑት፤ ያለዚያ መሳቡ የጨቅላዋን እግር ይይዛል። የቧንቧ ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ክዳን ሳይደረግበት 24 ሰዓት ይደር፤ ክሎሪኑ ተንኖ ይወጣል። ከኤሊዋ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ አነስ ወዳለው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ስፖንጁ ላይ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ በየሁለት ቀኑ ሲሶውን ውሃ ይለውጡ፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንዴ ሩቡን። ውሃው ንጹሕ መስሎ ዓይንን የሚያቃጥል አሞኒያ ሊኖርበት ይችላል። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ካጠቡት ባክቴሪያው ይሞታል፤ ከገንዳው በቀዱት አሮጌ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት።

መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ዙሪያውን ይጠቅልሉት፤ ከላይ የአየር መግቢያ ይተዉ። ሌሊቱ ከቀዘቀዘ በሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ ከድነው ገንዳው ላይ ያንሳፍፉ፤ ሲቀዘቅዝ ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ኤሊያችን የስድስት ወር ናት። በቀን ውስጥ መስኮት አጠገብ ፀሐይ ታገኛለች፤ የምንሰጣት የደረቀ ሽሪምፕና አንዳንዴ ዳቦ ነው። አሁን ቅርፊቷ ሲነኩት ይለሰልሳል፤ ዓይኗም አብጦ ተዘግቷል። (ከፋሲሎ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ሁለት ጉድለቶች አብረው ገብተዋል። የመስኮት መስታወት ሙቀትና ብርሃን ያሳልፋል፤ ዩቪቢን ግን ያስቀረዋል። ስለዚህ ኤሊዎ ለስድስት ወር ፀሐይ አላገኘችም ማለት ይቻላል፤ ቅርፊቷ የለሰለሰውም በዚህና በካልሲየም እጥረት ነው። የዓይኗ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ የቆሸሸ ውሃም ያብሰዋል። ዓይኗ ካልተገለጠ ምግቧን አታይምና በቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። ቫይታሚን ኤ በመርፌ ሲበዛ ራሱ ይመርዛል፤ መጠኑን በግምት በቤት አይሞክሩት።

ከሐኪሙ ጎን ለጎን የአገራችንን ፀሐይ ይጠቀሙባት። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ በፕላስቲክ ሳፋ፣ ግማሹ ጥላ ሆኖ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ደጅ ያውጧት። በመስታወት ገንዳ ፀሐይ ላይ አያስቀምጧት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ተቀቅላ ትሞታለች። ጭልፊት፣ ቁራና ድመት ስላሉ ሳፋውን በወንፊት ሽቦ ይክደኑ፤ አጠገቧም ይቀመጡ።

ዳቦውን ያቁሙ። የደረቀ ሽሪምፕ ብቻውን ምግብ አይሆንም። ዋናው ምግቧ ለውሃ ኤሊ የተሠራ ደረቅ እንክብል ምግብ ይሁን፤ በቀን አንዴ የጭንቅላቷን ያህል ይበቃታል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ጥቃቅን ቀረሶ ከነአጥንቱ ቆራርጠው ይስጧት፤ አስቀድሞ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት ቢቆይ ብዙው ጥገኛ ተውሳክ ይሞታል። እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው ባርበስ የካርፕ ወገን ነው፤ በብዙዎቹ የዚህ ወገን ዓሦች ጥሬ ሥጋ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚሰብር ኢንዛይም አለ፤ የዘወትር ምግቧ አያድርጉት። መርዝ ካልተረጨበት ጓሮ የተገኘ የምድር ትል ጥሩ ነው። የተፈተገ ካሮትና የሰላጣ ቅጠልም ይልመዱላት፤ እያደገች ስትሄድ ቅጠሉን ይበልጥ ትወዳለች። ተቀቅሎ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ምግቡ ላይ መነስነስ ለካልሲየም ይረዳል።

ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን የምታዘነብል፣ ከአፍንጫዋ አረፋ የምታወጣ ወይም አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ይህ የሳንባ ሕመም ነው፤ ውሃውን 28 ዲግሪ አድርሰው በዚያው ቀን ያሳክሟት።

ጥያቄ፦ ገንዳውን ከጣና በቀዳሁት ውሃ ብሞላው፣ እምቦጭም ለጥላ ባስገባበት ምን ችግር አለው? (ከዘጌ)

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። የሐይቁ ውሃ ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይመጣል። ሐረግና ቅጠል ላይ ተጣብቆ የሚመጣ ቀንድ አውጣ ደግሞ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ገንዳውን በሚያጸዳው ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬው በእጁ ሲነቅለው የኖረ አረም ነው። ከገንዳዎ የሚደፋ አንድ ቁራጭ ቦይ ከገባ ለመስፋፋት ይበቃዋል። ለጥላ የፕላስቲክ ቅጠል ይሁንልዎ። አሮጌውንም ውሃ ሐይቁ ወይም ቦይ ውስጥ ሳይሆን አትክልት ሥር ይድፉት።

የገንዳው ውሃና ዕቃ ከማብሰያ ቤት ባልዲና ማጠቢያም ይራቅ። ኤሊ ጤነኛ ሆናም ሳልሞኔላ ትይዛለች፤ አሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ስለታመሙ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይንካት፤ ሌላውም በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ጥያቄ፦ ልጆች ከሐይቁ ዳር ያገኟትን ትንሽ ኤሊ አምጥተው ከቀይ ሰረዟ ኤሊያችን ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ አስገብተዋታል። ሁለቱን አብሮ ማሳደግ ይቻላል? ካደጉ በኋላ ሁለቱንም ጣና ብንለቃቸውስ? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ አንገታቸውን ይመልከቱ። ቀይ ሰረዝ ያላት አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ትስባለች፤ የሐይቁ ዳሯ አንገቷን ወደ ጎን የምታጥፍ ከሆነ የአፍሪካ ወገን ናት፤ ሁለቱ የሚያሰነብታቸው አንድ ቤት የለም። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ ነው። ከሌላዋ ጋር ባትገናኝ ኖሮ ዛሬውኑ ወደ ተገኘችበት ቦታ ትመለስ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ውሃ ስለተጋሩ ከእንግዳዋ የያዛት በሽታ ወደ ሐይቁ ሊገባ ይችላል። ለይተው በተለየ ሳፋ ያስቀምጧትና የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተውን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ቀይ ሰረዟን ጣና መልቀቅ ፈጽሞ አይሆንም። መነሻዋ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ በዓለም ክፉ ከሚባሉት 100 ወራሪ ዝርያዎች አንዷ ናት። ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ሴቷ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 15 ሊትር ያህል ውሃ ትፈልጋለች። ለ25 ሳንቲ ሜትር ኤሊ 375 ሊትር መሆኑ ነው። ይህን የሚያህል ቦታ ከሌለዎ ገና ትንሽ ሳለች፣ ከነማሞቂያዋና ከነአምፖሏ፣ ሊያሳድጋት ለሚችል ሰው ይስጧት።