የአራት ዓመት ልጅ ጉልበት በምን ይለካል?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ትንንሽ ልጆች የአካል ብቃት ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ባሕር ዳር በአንድ የግል ኬጂ አስተምራለሁ። ልጆቼ 4 እና 5 ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ ሪፖርት ካርዱ ላይ «የአካል ብቃት» የሚል ቦታ ተጨመረና ሩጫና ዝላይ ፈትነሽ ከ10 ስጫቸው ተባልኩ። በወላጆች ቀን ደግሞ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ይሸለማሉ። ባለፈው ስሞክር ግማሾቹ ቆመው አዩኝ፣ አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ ደግሞ መሮጥ እንደጀመረ ጥሎኝ ሄዶ አሸዋ መጫወት ጀመረ። ለመሆኑ በዚህ ዕድሜ መለካት ይቻላል? ከተቻለስ እንዴት ነው የሚለካው? (መምህርት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መለካቱ ይቻላል እህቴ። ከ10 መስጠቱና ሽልማቱ ግን ይቅር።

ቆመው ያዩሽ ልጆች፣ ያለቀሰችውም፣ አሸዋው ላይ የሄደውም ደካሞች ስለሆኑ አይደለም። የ4 ዓመት ልጅ «ባለህ ኃይል ሩጥ» ሲባል ያለው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ገና አያውቀውም። መጀመሪያ ላይ ይፈተለካል፣ ወዲያው ይሰለቸዋል፣ ከዚያ ወፍ ያይና እሷን ይከተላል። ስለዚህ በእጅሽ የሚገባው ቁጥር የሳንባና የጡንቻ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የተባለውን መረዳቱ፣ አንቺን መልመዱ፣ ሌሊት በደንብ መተኛቱ፣ ቁርስ በልቶ መምጣቱ ሁሉ ውስጡ አለ። በዚያ ላይ የዕድሜ ልዩነት አለ። መስከረም ላይ 4 ዓመት የሞላውና ነሐሴ ላይ የሚሞላው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። 11 ወር ለእኛ ምንም አይደለም፣ ለእነሱ ግን የኖሩት ዕድሜ ሩብ ሊሆን ምንም አይቀረው። 1ኛ ብለሽ የምትሸልሚው ልጅ ቀድሞ የተወለደው ሆኖ እንዳይገኝ እፈራለሁ፤ 20ኛ የወጣው ደግሞ በ4 ዓመቱ «እኔ ሩጫ አልችልም» የሚል ነገር ይዞ ቤቱ ይገባል። ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ።

አሁን ወደ አለካኩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በስፔን የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተዘጋጀ የመለኪያ ስብስብ አሳተሙ። ፕሪፊት ይባላል። ቁመት፣ ክብደትና የወገብ ዙሪያ ከተለካ በኋላ አምስት ነገር ይሠራል፦ በመሣሪያ የመጨበጥ ጉልበትን መለካት፣ ከቆሙበት ወደ ፊት መዝለል፣ 10 ሜትርን አራት ጊዜ መሮጥ (ሁለት ደርሶ መልስ)፣ በአንድ እግር መቆም፣ እና በድምፅ ምልክት እየተመሩ 20 ሜትር ላይ እየተመላለሱ መሮጥ። ይሄ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካናዳ ሉክ ሌዤ የተባለ ተመራማሪ ለትልልቆቹ ያዘጋጀው የታወቀ ፈተና ነው። የትልልቆቹ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምራል። ለትንንሾቹ ወደ 6.5 ዝቅ አደረጉትና በየደቂቃው ግማሽ ኪሎ ሜትር እንዲጨምር ተዉት። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ሌላውን ለውጥ ነው፦ ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ይሆኑና ሁለት ትልልቅ ሰዎች አብረዋቸው ይሮጣሉ። ፍጥነቱን የሚጠብቁላቸው እነሱ ናቸው። ልጁን ብቻውን መስመር ላይ አቁሞ ፊሽካ መንፋት እንደማያዋጣ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

አንቺ ጋ የመጨበጫ መለኪያው መሣሪያ አይኖርም፣ 20 ሜትሩም የተቀዳ ድምፅና ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። ሁለቱን ተያቸው። ጠመኔ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር እና የስልክሽ ሰዓት ካሉሽ ሦስቱን መሥራት ትችያለሽ።

ለዝላዩ የማያንሸራትት ቦታ ምረጪና መስመር አስምሪ፣ ከመስመሩ ኋላ የሁለት እግር ቅርጽ ሳዪላቸው። ልጁ እግሩን እዚያ ላይ አድርጎ በሁለት እግሩ ይዘላል። የምትለኪው ከመስመሩ እስከ ኋለኛው ተረከዙ ነው። ሦስት ጊዜ ይሞክርና ጥሩውን ያዢ። መጀመሪያ ግን አንቺ ዝለዪና አሳያቸው፤ በዚህ ዕድሜ በቃል ከምትነግሪያቸው ሠርተሽ የምታሳያቸው ይገባቸዋል።

ለሩጫው በ10 ሜትር ርቀት ሁለት መስመር አስምሪ፣ በየጫፉ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ይቁም፣ ልጁ ሮጦ እጁን መታ አድርጎ ይመለሳል። አራት ጊዜ ነው፣ ማለትም ሁለት ደርሶ መልስ። «ና! ና!» እያላችሁ ጥሩት። ሁለት ዕድል ስጪው። አንድ በአንድ ብቻ ይሩጡ፤ ጎን ለጎን ካሮጥሻቸው ነገሩ ውድድር ይሆንና ግማሹ ጓደኛውን እያየ ይወድቃል።

በአንድ እግር መቆሙን በጨዋታ መልክ ብቻ ውሰጂው። ራሳቸው የስፔኖቹ ደጋግመው ሲለኩት የአንዱ ልጅ ውጤት ከቀን ቀን ብዙ ሲለዋወጥ አግኝተውታል፤ ስለዚህ ዛሬ 4 ሰከንድ ቆሞ ነገ 15 ቢቆም አትደነቂ።

ከመለካትሽ በፊት ባሉት ቀናት አባሮሽና ሰኞ ማክሰኞ አጫውቻቸው፣ እንቅስቃሴዎቹን እዚያው ይለምዳሉ። የሚለካውም የሚያውቁት ሰው፣ ማለትም አንቺ ሁኚ። ያለቀሰችውን ልጅ አታስገድጃት፤ በሌላ ቀን ከምትወዳት ጓደኛዋ ጋር ሆና ትሞክረው። እምቢ ካለችም ባዶውን ተዪው፣ ዜሮ አትጻፊ። ባዶ «አልተለካም» ማለት ነው፣ ዜሮ ግን «አልቻለችም» ይላል።

መዝገብሽ ላይ ቀኑን፣ የልጁን ዕድሜ በወር፣ ጫማ ማድረግ አለማድረጉን፣ ሴንቲ ሜትሩንና ሰከንዱን ጻፊ። ከአምስት ስድስት ወር በኋላ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ድገሚው። ሪፖርት ካርዱ ላይ የሚገባው የልጁ የራሱ ለውጥ ነው፤ ለምሳሌ «ጥቅምት ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ዘሎ ነበር፣ አሁን 72 ደርሷል፣ ኳስ መያዝ ላይ ቤትም አጫውቱት» ብትዪ ወላጅ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ከ10 ሰባት ብትዪው ምን ያደርግበታል? በስፔን 10 ከተሞች ከ3,000 በላይ ልጆች ተለክተው የወጣ ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የታተመው። አገኘሁት ብለሽ የኛን ልጆች በእሱ አትፍረጂያቸው። አመጋገቡም፣ የሚውሉበት ቦታም፣ የአካል ዕድገታቸውም ሌላ ነው።

የመለካቱ ትልቁ ጥቅም ደግሞ ከቁጥሩ ውጭ ነው፦ ልጆቹን አንድ በአንድ ቀርበሽ ታያቸዋለሽ። ከመሬት ሲነሳ እጁን ጭኑ ላይ እየደገፈ፣ በራሱ እግር ላይ የሚወጣ እስኪመስል ተንጠላጥሎ የሚቆም ልጅ ካየሽ፣ በተለይ ወንድ ከሆነና ባቱ ወፍሮ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ የጡንቻ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። እግሩ በጣም ወደ ውጭ የጎበጠ ወይም ጉልበቶቹ በጣም የሚጋጩበት ልጅም እንዲሁ። ፀሐይ በሞላበት አገራችን ሕፃናት ተጠቅልለው ቤት ውስጥ ስለሚውሉ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣው የአጥንት መለስለስ፣ ዛሬም አለ። ትንሽ ሮጦ ቁጢጥ ብሎ የሚያርፍ፣ ከንፈሩ የሚጠቁር ልጅ የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ለነገ አይባልም። ሁሌ የሚደክማት፣ የዓይኗ ቆብ ውስጡ ነጣ ያለባት ልጅ ደግሞ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። የበሽታ ስም ግን አንቺ አትጥሪ። እናት ወይም አባትን ለብቻ ጠርተሽ «እንዲህ አይቻለሁ፣ ጤና ጣቢያ አሳዩት» በይ። በወላጆች ስብሰባ ላይ እንዳታነሺው።

ርዕሰ መምህሩን በዚህ በኩል አናግሪው፦ የወላጆች ቀን ላይ ከፈተናው ይልቅ የጨዋታ ቀን እናድርግ፣ ወላጆችም አብረው ይዝለሉ፣ ሽልማቱ ለሁሉም የሚደርስ ኳስ ወይም ገመድ ይሁን። ወጪው ከሦስት ዋንጫ ብዙም አይበልጥም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጄ 4 ዓመት ከ2 ወሩ ነው። በአንድ እግሩ እንጣጥ ማለት አይችልም፣ የእህቴ ልጅ ግን በ2 ሳምንት ታንሰዋለች፣ እሷ ትችላለች። ከአዲስ አበባ የመጡት እናቴም «ልጁ ከስቷል፣ አቅም የለውም» ይሉኛል። ጭንቅ ውስጥ ገብቻለሁ። (አባት)

መልስ፦ አይጨነቁ ወንድሜ። እዚያው አሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ የሚባለው፣ ልጆች በየዕድሜያቸው የሚያሳዩትን ነገር ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2022 አሻሽሎ አውጥቷል። እዚያ ላይ በአንድ እግር እንጣጥ ማለት የተቀመጠው 5 ዓመት ላይ ነው። ዝርዝሩ የተሠራው ከ100 ልጆች 75ቱ ወይም ከዚያ በላይ በዚያ ዕድሜ ይችሉታል በሚል ስሌት ነው። የእርስዎ ልጅ 5 ዓመት እስኪሞላው ገና 10 ወር ይቀረዋል።

የጤናማ ልጆች ልዩነት ሰፊ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች ያሉ ጤናማ ሕፃናትን ሲከታተል ብቻቸውን መራመድ የጀመሩት ከ8 ወር ትንሽ አልፎ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ሁሉም ደህና ልጆች ናቸው። ይልቅ ልጅዎ በሁለት እግሩ ከመሬት መነሳት ይችላል? ይሮጣል? ደረጃ ይወጣል? አዎ ካሉ ቤት ውስጥ እጁን ይዘው አንድ እግር ላይ ያለማምዱት፣ ቀስ ብለው ይልቀቁት። በሁለት እግሩ እንኳ መዝለል ካልቻለ፣ አንዱን ጎኑን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ፣ ወይም በፊት የሚችለውን ነገር ካቆመ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሕፃናት ሐኪሙ ይንገሩ። ከ3 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ደግሞ በየአካባቢው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች በኩል ቻይልድ ፋይንድ የሚባል ነፃ ግምገማ አለ፣ ወላጅ በራሱ ሊጠይቅ ይችላል።

ስለ መክሳቱ፦ በዚህ ዕድሜ ልጆች ቁመታቸው ይመዘዛል፣ የሕፃንነት ስቡ ይቀንሳል። ለቁመታቸው በጣም ቀጭን የሚሆኑት 5 እና 6 ዓመት አካባቢ ነው፣ ከዚያ መልሰው ይሞላሉ። በሚቀጥለው ምርመራ የዕድገት ሰንጠረዡን ሐኪሙ እንዲያሳይዎት ይጠይቁና እናትዎም አብረው ይዩት። መስመሩን ጠብቆ እየሄደ ከሆነ እሳቸውም ልባቸው ያርፋል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት። ለ3 ዓመት ልጄ እርምጃ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ገዛሁላት። በቀን ስንት እርምጃ ይበቃታል? ሙቀቱ ከቤት አያስወጣንም። (እናት)

መልስ፦ ለ3 ዓመት ልጅ እርምጃ አትቁጠሪ እህቴ። ልጅ የሚንቀሳቀሰው ለጥቂት ሰከንድ እየሮጠ፣ ትንሽ እየቆመ፣ እየተንከባለለ፣ እየወጣ እየወረደ ነው፤ መንጠላጠሉንና መገለባበጡን የእጅ ሰዓት እርምጃ ብሎ አይዘውም፣ እጇን ስታወናጭፍ ግን ሊቆጥር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች ያወጣው በጊዜ ነው፦ ቀኑን ሙሉ ተደማምሮ ቢያንስ 3 ሰዓት እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ውስጥ 1 ሰዓቱ የሚያስለከልክ ይሁን። ስልክና ቴሌቪዥን ላይ መቀመጥ ከ1 ሰዓት አይብለጥ። እንቅልፍ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ የቀኑም ተቆጥሮ። 3 ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል፣ ግን አልጋ ላይ መዝለሉም፣ ዘፈን ከፍቶ እስክስታ መውረዱም፣ አኩኩሉውም ይቆጠራል። በሙቀቱ ወራት ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አውጫት፣ ውሃ ያዢላት። ቀን ላይ ሞል ስትሄዱ ጋሪው ውስጥ አታስቀምጫት፣ በእግሯ ትሂድ።