የወንድሜን ሐኪም ፈለግ ልከተል ወይ?

ጥያቄ፦ የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል። ታናሽ ወንድሜ በመኪና አደጋ ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ለዓመታት የተከታተሉት የተሃድሶ ሐኪም በቅርቡ አረፉ። ሁልጊዜ ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጡና «በዚህ ሳምንት ብቻህን ምን ሠራህ?» ይሉት ነበር። በመታሰቢያቸው ዕለት ስንቱ በዊልቸር መጥቶ ሲያለቅስ አይቼ፣ እኔም በተሃድሶ ሕክምና ስፔሻላይዝ ላድርግ ብዬ ወሰንኩ። ጓደኞቼ ግን «እሱ ደግሞ ሕክምና ነው? ሰርጀሪ ግቢ እንጂ» ይሉኛል። ሐዘን ይሆን እንዲህ የሚያስወስነኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ ለአንቺም ለቤተሰብሽም መጽናናትን እመኛለሁ።

በሐዘን ውስጥ ያለ ሰው አይወስን የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አንቺ ዘንድ ያለው ችግር ሌላ ነው። ሰውየውን መውደድሽና ሥራቸውን መውደድሽ ተደባልቀውብሻል። እነሱን መለየት ደግሞ ይቻላል።

ስለ ወንበሩ የጻፍሽውን ልብ ብለሽ እይው። ብዙ ሰው ይህን ደግነት ብሎ ያልፈዋል። ደግነት መሆኑ አይካድም፤ ግን ሙያም ነው። «ብቻህን ምን ሠራህ?» የምትለዋ ጥያቄ ምርመራ ናት። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ራሱን አሻገረ? ሱሪውን ለበሰ? የሽንት ፊኛውን በሰዓቱ ባዶ አደረገ? በሌሎች ዘርፎች ዋናው ጥያቄ በሽታው ዳነ ወይስ አልዳነም ነው። እዚህ ግን ጉዳቱ ላይድን ይችላል፤ ሥራው ሰውየው በራሱ እጅ ኑሮውን እንዲመራ ማድረግ ነው። ቶሎ ውጤት ማየት ለለመደ ሐኪም ይህ ይከብዳል። አንድ ታካሚ ሳምንታት ለፍቶ ካልሲውን ራሱ ሲያጠልቅ ቀኑን ሙሉ ደስ ይልሻል? መልስሽ ይህችን ታህል ናት።

«ሕክምና ነው?» ላሉሽ ጓደኞችሽ የሉድቪግ ጉትማንን ታሪክ ንገሪያቸው። ጉትማን በ1917 ገና ወጣት ሳሉ በጀርመን ሆስፒታል ውስጥ ያገለግሉ ነበር። አንድ ጀርባው የተሰበረ የማዕድን ቆፋሪ መጣ። ይሄ በጥቂት ሳምንታት ይሞታል፣ ማስታወሻ ለመጻፍ አትድከም ተባሉ። ሞተም። በኋላ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ አይሁዳዊ ነበሩና በ1939 ከናዚዎች ሸሽተው እንግሊዝ ገቡ። በ1944 በእንግሊዝ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የህብለ ሰረሰር ጉዳት ማዕከል ሲከፍቱ፣ እነዚህን ታካሚዎች ይገድላቸው የነበረው ስብራቱ ብቻ አልነበረም። የመኝታ ቁስልና የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። ስለዚህ ታካሚውን ሌሊትም ሳይቀር በየ2 ሰዓቱ አገላብጡት አሉ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ሕይወት ያተረፈው ግን እሱ ነው። ቀጥለው ስፖርትን የሕክምናው አካል አደረጉት። በ1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 ታካሚዎችና የቀድሞ ታካሚዎች በዊልቸር ሆነው የቀስት ውድድር አደረጉ። የዛሬው ፓራሊምፒክ፣ የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ፣ መነሻው ይህ ነው። ኮስታራና ቁጡ ሰው ነበሩ ይባላል፤ ታካሚዎቻቸው ግን «ፖፓ» (አባባ) እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ቀዶ ሕክምናን የሚያውቁ ሰው ናቸው ይህን ሥራ የመረጡት።

አሁን ስለ አንቺ አንድ የሚያሰጋኝን ልንገርሽ። በየአልጋው ወንድምሽን ታያለሽ። ይህ መጀመሪያ ላይ ጉልበት ይሰጥሻል፤ እየቆየ ግን ታካሚውን እንዳትሰሚው ያደርግሻል። ወንድምሽ መሥራት ይፈልግ ይሆናል፤ ሌላው ልጁን ማቀፍ ብቻ ሊፈልግ ይችላል። አንዱ በካሊፐር (እግርን በሚደግፍ ብረት) እና በክራንች መቆም ይመርጣል፤ ሌላው ዊልቸሩ ይበቃዋል። ግቡን የሚያወጣው ታካሚው ነው። የእናንተ ሐኪም «ምን ሠራህ» ብለው ዝም የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ደግሞ ብቻሽን አትሠሪም። ፊዚዮቴራፒስቱ፣ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያለማምደው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ ነርሷ፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራው ባለሙያ፣ ሳይኮሎጂስቱ ሁሉም ከታካሚው ጋር ካንቺ የበለጠ ሰዓት ያሳልፋሉ። እነሱን መስማት የሚያስጠላሽ ከሆነ ይህ ቦታ ያንቺ አይደለም።

ስለዚህ እስክትመረቂ ባለው ጊዜ አንድ ወር እንኳ በተሃድሶ ዋርድ እንድትመደቢ ጠይቂ። ከሐኪሞቹ ጋር ራውንድ ወጥተሽ ብቻ አትመለሺ። አንድ ሙሉ ሌሊት ከነርሶቹ ጋር እደሪ፤ ታካሚ ሲገላበጥ አብረሽ ያዢ። አንድ ሙሉ ቀን ደግሞ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ዋዪ። ወንድምሽ የማያውቃቸው፣ ያንቺን ሐዘን የማያውቁ ታካሚዎች መሃል ሆነሽም ሥራው ከሳበሽ ማመልከቻሽን አስገቢ። ደብዳቤው ላይ «ደግ ሐኪም ነበሩን» ብለሽ አትጀምሪ። ወንበር ስበው ሲቀመጡ ያየሽውንና ከዚያ የተማርሽውን ጻፊ። አንብቤ አስተያየት እንድሰጥሽ ከፈለግሽ ረቂቁን ላኪልኝ።