«1.09 ወይስ 17.6?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተመራቂ ተማሪ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የኢትዮጵያ አካል ጉዳተኞች 1.09 በመቶ ናቸው የሚልም አገኘሁ፣ 17.6 በመቶ የሚልም አገኘሁ። የትኛውን ልጥቀስ?» ሁለቱንም ጥቀሺ፣ ግን ግራፍ ላይ አንድ ላይ እንዳታስቀምጪያቸው አልኳት። እሷ አመስግና ሄደች። እኔን ግን አንድ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። እሱን ላውራችሁና ወደ ቁጥሮቹ እንመጣለን።

ከ1999ኙ ቆጠራ በኋላ ነው። ለአንድ ድርጅት የቤተሰብ ጥናት እንሠራለን፤ እኔ ሱፐርቫይዘር ነኝ። ቦታው ሰሜን ሸዋ፣ ደጋ ቀበሌ። መረጃ ሰብሳቢው የአካባቢው አስተማሪ ነው፤ ወጣት፣ ቀልጣፋ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚያምር። አንድ ቤት ገባን። ሴትየዋ ቆሎ አቀረቡልን። መደቡ ላይ አንድ ሽማግሌ የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። ጣታቸው እያንዳንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳብሰዋል፤ ፍሬ መኖሩን ሲያውቅ ብቻ ይሰነጥቀዋል። ገለባው መሬት፣ ፍሬው እንቅብ ውስጥ። አንዴም አልሳቱም።

«በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?» ብሎ ጠየቀ ልጁ።

«ተመስገን፣ የለም» አሉ ሴትየዋ።

ልጁ የ«የለም»ን ኮድ አከበበ። ይሄኔ ሽማግሌው «እንግዶቹ ከወዴት ናቸው?» አሉ። ፊታቸውን ያዞሩት ግን ማንም ወዳልተቀመጠበት ወገን ነው። ልጁ አየኝ። መመሪያችን ጥያቄውን እንደተጻፈው አንብብ፣ መልሱን እንደተነገረህ ሙላ ይላል። እሱ ግን መመሪያውን ትቶ «የአባባ ዓይን ያያል?» አለ።

«ኧረ ከየት መጥቶ! ጨለማና ብርሃን ቢለዩ ነው።»

«ታዲያ ቅድም የለም አሉኝ እኮ።»

«ውይ፣ ይሄማ እርጅና ነው እንጂ!»

አንድ ቤት፣ አንድ አፍ፣ ሁለት መልስ። ልጁ ኮዱን አልቀየረም። ከፎርሙ ጀርባ ግን «አባት አያዩም። ቤተሰቡ እርጅና ነው ብሏል» ብሎ ጻፈ። ወደድኩለት። ሌሎቹም እንዲህ እንዲያደርጉ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የፎርሞቹ ጀርባ መሙላት ጀመረ። አንዱ ላይ «ልጅቷ አትናገርም፤ እናት ዓይናፋር ናት አሉ» ይላል። እግራቸውን በጦርነት ያጡ የቀድሞ ወታደር ደግሞ እኛ ቤታቸው ሳንደርስ ከመንገድ ጠርተው «እኔን ጻፉኝ» አሉን። ዕርዳታ የመጣ መስሏቸው ነው። እሳቸው ቤት ጥያቄው ያለምንም ችግር ሠራ።

ፎርሞቹ ተሰብስበው ወደ ኮምፒውተር ሲገቡ የገባው ከፊት ያለው ኮድ ብቻ ነው። ለጀርባው በጀት የለም ተባለ። ሪፖርቱ ሚጢጢ ቁጥር ይዞ ወጣ። ፎርሞቹን ፍለጋ ስሄድ ተወግደዋል አሉኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ዛሬ ሁሉ ነገር በታብሌት ሆኗል። የአስተያየት ሳጥንም አለው ይሉኛል። ማን ይሞላዋል? የዛሬ ልጆች «ቀጣይ» የሚለውን ለመጫን ትቸኩላላችሁ።

ወደ ቁጥሮቹ። 1.09 የመጣው ከ1999ኙ (እ.ኤ.አ. 2007) የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ቆጠራ ሺህ ነገር ስለሚጠይቅ ለአካል ጉዳት የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። የሚመልሰውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ለቤቱ ሁሉ። 17.6 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ካወጡት ሪፖርት የመጣ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በብዙ አገሮች የተካሄደ የጤና ጥናት ነው። እዚያ የተጠየቀው ባለፉት 30 ቀናት ለመንቀሳቀስ፣ ለማየት፣ ለማስታወስና ለመሳሰሉት ምን ያህል ተቸገርክ የሚል ነው። መልሱ ከዜሮ እስከ መቶ ወደሚደርስ ነጥብ ተቀየረ፤ አካል ጉዳተኛ የሚያሰኘው መስመር 40 ላይ ተሰመረ። 50 ላይ ቢሰመር ኖሮ ቁጥሩ ይወርድ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «ከ1.09 ወደ 17.6 አሻቀበ» የሚል ጽሑፍ አንብቤ አውቃለሁ። የ17.6ቱ መረጃ እኮ ከቆጠራው በፊት የተሰበሰበ ነው! ሁለተኛ፣ ያ ጥናት የጠየቀው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ብቻ ነው። በየስብሰባው የምትሰሙት «15 ሚሊዮን አካል ጉዳተኛ» የአዋቂዎቹን መቶኛ በመላው ሕዝብ፣ ሕፃናቱን ጨምሮ፣ አባዝቶ የተገኘ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ከሕዝባችን 45 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ነበር። አዛውንትና ሕፃን በእኩል ዓይኑ ይታመማል ካላላችሁ በቀር ይሄ ስሌት አይሠራም።

በመሃል ሌላም አለ። ዩኒሴፍ የ2008 ዓ.ም. የማኅበረ ኢኮኖሚ ጥናትን ተንትኖ 9.3 በመቶ፣ ማለትም 7.8 ሚሊዮን ሰው አካባቢ ብሏል። ይሄን የሚጠቅስ ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቁጥር የምትወስዱት ከስላይድ ነው፣ ስላይዱም ከሌላ ስላይድ። የሪፖርቱን አባሪ ክፈቱ። መጠይቁ እዚያ ነው ያለው። ሌላውን ምክር መምህሮቻችሁ ይነግሯችኋል።

አሁን መድኃኒቱ ዋሽንግተን ግሩፕ ነው ትሉኛላችሁ። አካል ጉዳት እንዴት እንደሚለካ እንዲያጠና በተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመ ቡድን ነው፤ ስድስት ጥያቄ አለው። መነጽር ቢያደርጉም እንኳ ለማየት ይቸገራሉ? በጣም ወይስ ትንሽ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ያኔ «የለም» ያሉን የሰሜን ሸዋዋ ሴትዮ ሳያቅማሙ ይመልሷቸው ነበር። ግን ኬንያን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2009 ቆጠራ 3.5 በመቶ ነበር፤ በ2019 እነዚህኑ ጥያቄዎች ይዘው ወጡና 2.2 በመቶ አገኙ። ከ5 ዓመት በታች ያሉት ከስሌቱ ወጥተዋል፤ «ትንሽ እቸገራለሁ» ያለውም አልተቆጠረም። ጥያቄ ብቻውን ምን ያደርጋል?

አሜሪካ ያላችሁም አትኩራሩብን። እዚያም በቤተሰብ የሚሞላው ዓመታዊው የማኅበረሰብ ጥናት 13 በመቶ አካባቢ ሲል፣ አዋቂውን በስልክ ራሱን የሚያናግረው የጤና ጥናት ከአራት አዋቂ አንዱ ይላል። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው።

ቁጥር አታማርጡ እያልኩ ነው አይደል? እኔ ራሴ በጀት ለመጠየቅ ስገባ ትልቁን ይዤ ገብቻለሁ። አላፍርበትም። ለ1 በመቶ ማን ራምፕ ይሠራል? እናንተ ግን ተማሪ ናችሁ፤ አታድርጉት።

የመመረቂያ ርዕስ የጠፋበት ካለ ደግሞ አንድ ልጠቁም። የናሙና ጥናቶቻችን ቤት ለቤት ነው የሚሄዱት። ጠበል ቦታ ወራት የሚቀመጠው ሕመምተኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድረው ሰው የማንም ቤት መዝገብ ውስጥ የለም። እንጦጦ ማርያም ሩቅ አይደለም፤ ታክሲ አለ። ስድስቱን ጥያቄዎች ይዛችሁ ውጡ። ፎርሙ ጀርባ እንዲኖረውም በወረቀት አትሙት።