የባቡር ወዳጅ ዕድሜው ስንት ነው? ጥያቄና መልስ

ባቡር ማየት፣ ፎቶ ማንሣትና ቁጥሩን መመዝገብ ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል። ሰሞኑን ከባቡር ወዳጆች የደረሱኝ ጥያቄዎች በየመልካቸው ቢለያዩም ዞረው ዞረው ዕድሜ ላይ የሚያርፉ ሆነው ስላገኘኋቸው በአንድ ላይ ልመልሳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የባቡር ወዳጅ ሲባል ጡረተኛ ብቻ ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ በግማሽ። ሽበት መብዛቱ እውነት ነው፤ ግን ባቡር የሽማግሌ ነገር ስለሆነ ሳይሆን ሽማግሌ ጊዜ ስላለው ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ የባቡር ጣቢያ ጫፍ ላይ ካሜራ ይዞ የሚቆም ሰው ወይ ጡረታ የወጣ ነው፣ ወይ የሌሊት ተረኛ ነው፣ ወይ ከትምህርት ቤት የጠፋ ነው። ቅዳሜ ቢሄዱ ሌላ ሕዝብ ያገኛሉ።

እኔ እንዳየሁት የዚህ ፍቅር ዕድሜ ራሱ እንደ ሐዲድ ነው። ከ3 ዓመት ጀምሮ እስከ 14 እና 15 ድረስ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ ከዚያ ዋሻ ይገባል፤ ከ40 ወዲያ በሌላኛው ጫፍ ብቅ ይላል። ዋሻው ውስጥ ያሉት ጠፍተው አይደለም። ፈተና፣ ፍቅር፣ ሥራና የቤት ኪራይ ይዟቸው ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው ሳገኝ ዕድሜውን አልጠይቅም። «10 ዓመት ሲሞላህ በሠፈርህ የሚያልፈው ባቡር ምን ዓይነት ነበር?» እላለሁ። የቀረውን እርሱ ራሱ ይነግረኛል፣ ያውም ሳያቋርጥ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው። ከባቡር በቀር ሌላ መጫወቻ አይነካም። ደርድሮ፣ ጉንጩን ምንጣፉ ላይ አድርጎ መንኰራኵሩን ብቻ ያያል። ልጨነቅ?

መልስ፦ እናቴ፣ የትልልቅ ፎቶ አንሺዎችን ሥራ ነው የጀመረልሽ! ባቡር ከሐዲዱ ከፍታ ሲታይ ይገዝፋል፤ እኛም ለዚያ ስንል ልብሳችንን አቆሽሸን በሆዳችን እንተኛለን። ለትንሽ ልጅ ባቡር ተስማሚ ነገር ነው፦ ትልቅ ነው፣ ይጮኻል፣ ግን ሐዲዱ ወዳለበት እንጂ ወደ ሌላ አይሄድም። ቁጥር አለው፣ ሰዓት አለው፣ ተራ አለው። ይህ ሥርዓቱ ኦቲዝም ያለባቸውን ብዙ ልጆችም ይስባል፤ የኒው ዮርክ የትራንዚት ሙዚየም ለእነርሱ ብሎ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ስለ ምድር ውስጥ ባቡር የሚመራመሩበት ፕሮግራም አለው። ባቡር መውደድ ብቻውን ግን የምንም ምልክት አይደለም። በንግግሩ ወይም በሌላ ነገሩ የሚያሳስብሽ ካለ ሐኪም ጠይቂ፤ ባቡሩን ግን ተዪለት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ 15 ዓመቴ ነው። በምንሰባሰብበት ቦታ ሁሉ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ሰው 50 ዓመቱ ነው። የክፍል ጓደኞቼም «የሽማግሌ ጨዋታ» እያሉ ይስቁብኛል።

መልስ፦ ይህን ጨዋታ የፈጠሩት ልጆች መሆናቸውን ንገራቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ1942 ለንደን ውስጥ ኢያን አለን የሚባል የአንድ የባቡር ኩባንያ ጸሐፊ ነበር፤ ዕድሜው 20። ስለ ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን ስለሚጎትተው ባለሞተር ክፍል) የሚጠይቁ ደብዳቤዎችን ለየብቻ መመለስ ሲሰለቸው የሎኮሞቲቮቹን ቁጥር ዘርዝሮ በኪስ የምትያዝ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፏን የተሻሙት ተማሪዎች ናቸው። ባቡር ባለፈ ቁጥር በቁጥሩ ሥር መስመር ማስመር፣ ያላዩትን መፈለግ፣ ያየውን ሰው መቅናት፤ ከዓመታት በኋላ በየጣቢያው ጫፍ የሚሰለፈው ልጅ እጅግ ብዙ ሆነ። አንተ ሽማግሌ የምትላቸው ሰዎች ሸብተው አልገቡበትም። ቁምጣ ለብሰው ገብተው እዚያው ሸበቱ።

አንድ ነገር ግን ልቆጣህ። አለን ልጆቹን በማኅበር ሲያሰባስብ ያለ ፈቃድ ሐዲድ ውስጥ እንዳይገቡ ቃል ያስገባቸው ነበር። አንተም ከቢጫው መስመር ወዲህ ቁም። የት እንደምትሄድ ለቤተሰብ ተናገር፤ ፎቶህን ለሕዝብ የምታሳየው ከቦታው ከሄድህ በኋላ ይሁን። እኛ ሽማግሌዎችም ብንሆን የማያውቀንን ልጅ «ና፣ ጥሩ ቦታ ላሳይህ» ማለት እንደማይገባን ልናውቅ ይገባል።

ጥያቄ፦ የእንፋሎት ባቡርን በልጅነታቸው ያዩት ሲያልፉ የእንፋሎት ፍቅርም አብሮ አያልፍም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ሒሳብ አለው። በብሪታንያ ብሔራዊው የባቡር ድርጅት በዋናው መሥመር ላይ እንፋሎትን ያሰናበተው በ1968 ነው። ያን ጊዜ 10 ዓመት የሞላው ልጅ የ1958 ልደት ነው ማለት ነው። ምዕራብ ጀርመን እስከ 1977 ቆየች። ጃፓን የመንገደኛ የእንፋሎት ባቡሯን የሸኘችው በ1975 መጨረሻ ነው። እንግዲህ «የእንፋሎት ሰው» የሚባለው እንግሊዛዊ ከጀርመናዊው በአሥር ዓመት ገደማ ይበልጣል።

ቻይና ስንደርስ ሒሳቡ ይገለበጣል። በውስጠኛው ሞንጎሊያ ጂቶንግ በሚባለው መሥመር ላይ ግዙፍ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በክረምት ብርድ ነጭ ጭስ እየተፉ፣ እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ጭነት ይጎትቱ ነበር። ያን ጊዜ 10 ዓመቱ የነበረ የአካባቢው ልጅ የተወለደው በ1995 ነው። የእንፋሎት ትዝታ አለው፣ ሽበት ግን የለውም። በእነዚያ ዓመታት የሌላው ዓለም አዛውንት ካሜራቸውን ተሸክመው ወደ እርሱ አገር ሲጎርፉ «እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው?» ሳይል አልቀረም።

ደግሞም ፍቅሩ በዓይን ምስክር ብቻ አይተላለፍም። በእንግሊዝ በጎ ፈቃደኞች ገንዘብ አዋጥተው ከ1994 ጀምሮ ከምንም ተነሥተው «ቶርኔዶ» የተባለውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሠሩ፤ በ2008 በራሱ እሳት ተንቀሳቀሰ። በአሜሪካ በ1941 የተሠራው 4014 ቁጥር «ቢግ ቦይ» ከሙዚየም ወጥቶ በ2019 እንደገና ሐዲድ ላይ ወጥቷል። ያን ዕለት በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን የደፈነው ልጅ የእንፋሎት ዘመን ሰው ነው ወይስ አይደለም? ለእኔ ነው።

ጥያቄ፦ ሽማግሌዎቹ እኛ የምንወዳቸውን አዳዲስ ባቡሮች «እግር ያወጣ ማቀዝቀዣ» ይሏቸዋል። ምን ብለን እንመልስላቸው?

መልስ፦ የዴልቲክን ታሪክ ንገሯቸው። በ1961 እና 1962 በለንደንና በኤድንብራ መካከል ዴልቲክ የሚባሉ 22 የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ሥራ ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሞተርና 3,300 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የእንፋሎቱ ወዳጆች እንደ ገዳይ አዩአቸው። ሃያ ዓመት አልፎ በጃንዋሪ 1982 የመጨረሻው የስንብት ጉዞ ሲደረግ ጣቢያው በሕዝብ ተጨናነቀ። ያለቀሱት እነማን ናቸው? በሞተሩ ጉርምርምታ ያደጉት ልጆች። የዴልቲክ ወዳጆች በተራቸው በ1976 የመጣውን ፈጣን ባቡር «ነፍስ የለውም» አሉ። እርሱ ደግሞ በ2019 ያንኑ መሥመር ሲሰናበት የሚያለቅስለት ሌላ ትውልድ ደርሶ ነበር። የጃፓኑ የመጀመሪያ «ጥይት» የተባለ ፈጣን ባቡርም በ1964 የነገ ምልክት ሆኖ ጀምሮ በ2008 በእንባና በካሜራ ተሸኝቷል። ስለዚህ አትከራከሩ። ማቀዝቀዣውን ፎቶ አንሡት፤ አንድ ቀን የሚለምናችሁ ሰው ይመጣል።

ጥያቄ፦ በ17 ዓመቴ ተውኩት፤ አሁን በ41 ዓመቴ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። እንደ ጀማሪ ይቆጥሩኛል?

መልስ፦ ዋሻውን ጨርሰሽ ወጣሽ ማለት ነው፤ እንኳን ደኅና መጣሽ። ይህ ዕድሜ ብዙ ነገር የሚጀመርበት ነው። ቶም ሮልት በዌልስ ሊዘጋ የነበረውን የታሊሊን ባቡር ለማዳን በ1950 ሰው ሲያሰባስብ 40 ዓመቱ ነበር። በተከታዩ ዓመት መሥመሩ በበጎ ፈቃደኞች ሲንቀሳቀስ በዓለም የመጀመሪያው ሆነ።

ጥያቄ፦ የሞዴል ባቡር ሰው ነኝ፤ 58 ዓመቴ ነው፤ ዓይኔ እምቢ አለኝ። መተው አለብኝ?

መልስ፦ መጠኑን ይቀይሩ እንጂ አይተዉ። በዚህ ሥራ ዕድሜ የሚለካው በሚሊሜትር ነው። የ1 ለ160 መጠን (ከእውነተኛው 160 ጊዜ ያነሰ) ሐዲድ ስፋቱ 9 ሚሊሜትር ነው፤ ለወጣት ዓይንና ለጠባብ ክፍል የተፈጠረ። የ1 ለ87 መጠን ወደ 16.5 ሚሊሜትር ይሰፋል። ከዚያም በላይ ለግቢ የሚሆኑ የ1 ለ22.5 ሞዴሎች አሉ፤ እነዚያን ያለ መነጽር ማያያዝ ይቻላል፤ ከባድነታቸው ግን ወገብ ይጠይቃል። ከዓይን ወደ ወገብ መሄድ ነው እንግዲህ።

በአንድ ትርኢት ላይ ያየሁትን ልንገርዎ። የ76 ዓመት ወዳጄ ሁለት ፉርጎዎችን ሊያያይዝ አጎንብሷል። መንጠቆዋ ምስር አታክልም፤ እጁ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ፉርጎው ወደቀበት። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ስታየው ቆይታ ወረንጦውን ከጠረጴዛው አንሥታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ጠቅ አደረገቻት። ከዚያ «ይህ ፉርጎ ግን ከዚያኛው ሎኮሞቲቭ ጋር በአንድ ዘመን አልነበረም» አለችው። ትክክል ነበረች። እርሱም ያንን ስሕተት ለዓመታት ማንም እንዳልነቃበት ነገረኝ፤ በኩራት ይሁን በንዴት አልለየሁትም።

ጥያቄ፦ 14 ዓመቴ ነው። በቅርስነት በተጠበቀ የባቡር መሥመር ላይ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ እንደየአገሩ ሕግና እንደ መሥመሩ መድን ይለያያል። በብሪታንያ ልጆች በፋብሪካ እንዳይሠሩ ተብሎ በ1920 የወጣ ሕግ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በጎ ፈቃደኛ ልጆችን የሚቀበሉ መሥመሮችን ሲያሳስብ ኖሯል። ሲፈቀድልህም በቀጥታ ሎኮሞቲቭ ላይ አትወጣም። የድሮው መሰላል አሁንም አለ፦ መጀመሪያ ጠራጊ፣ ቀጥሎ ከሰል ወደ ምድጃው የሚያካፋው ረዳት፣ መጨረሻ ነጂ። ጠራጊነቱን አትናቅ። ዘይት በነካው ጨርቅ ብረቱን ስትወለውል ስንጥቁን ከመሐንዲሱ በፊት የምታየው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ እኔስ በ71 ዓመቴ?

መልስ፦ አካፋውን ለሌላ ይተዉና ስምና ቀን የሌላቸውን የድሮ ፎቶዎች ያንብቡ። ወጣቱ ሎኮሞቲቩን ይለያል፤ ከጎኑ የቆመውን ሰው ግን የሚያስታውሱት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ባቡር የሚነዱት ይቆጠራሉ?

መልስ፦ እንዴት አይቆጠሩም! የ13 ዓመት ልጅ የሲግናል ሥርዓት ሲያስረዳኝ ሰምቼ አፍሬ ተመልሻለሁ። በ20ዎቹ ዕድሜ ያሉትን በዋሻው ውስጥ ብርሃን የሚያበራላቸውም ይኸው ነው። ኮምፒውተርና ባቡር ደግሞ ባዕዳን አይደሉም። በአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በ1946 የተቋቋመው የሞዴል ባቡር ክበብ ተማሪዎች ከጠረጴዛው ሥር የስልክ ሪሌዎችን (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎችን) ሲቀጣጥሉ ቆይተው ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ሊቃውንት መካከል ሆነዋል።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ የእርስዎ ዕድሜ ስንት ነው?

መልስ፦ 10 ዓመት ሲሞላኝ በሠፈራችን የሚያልፈው ባቡር አረንጓዴ የናፍጣ ነበር፤ ሁለተኛው ፉርጎ ላይ አንድ መስኮት ተሰብሮ በጣውላ ተሸፍኖ ነበር፤ ማታ ሲያልፍ የእናቴ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይንጫጩ ነበር። አስሉት።